«ኩሽኔታውን ብቻ ይቀይሩልኝ»፦ ስለ አሮጌ ሚያታ ዲፈረንሻል የሚነገሩ ስሕተቶች

ቨርጂኒያ ውስጥ በምሠራበት ጋራዥ የመጀመሪያውን ትውልድ ማዝዳ ሚያታ ይዘው የሚመጡ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝና በኋላ ጎማ የምትነዳ ትንሽ የስፖርት መኪና ናት፤ ዛሬ በእጃቸው ያለችው ብዙ ባለቤት የለወጠች ናት። አብዛኞቹ ደንበኞች ከኋላ በኩል፣ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከሚያካፍለው ዲፈረንሻል አካባቢ፣ ድምፅ ሲሰሙ በሽታውንም መድኃኒቱንም ወስነው ይገባሉ፤ «ጋሼ፣ ኩሽኔታው ብቻ ነው፤ ከፍተው ይቀይሩልኝና ይዝጉት።» ይህን ሁልጊዜ በቃል ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገል ይሻላል።

«ከኋላ ከጮኸ ዲፈረንሻሉ ነው።» ሁልጊዜ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ ያገለገለ ዲፈረንሻል ሁለት ጊዜ ገዝቶ፣ ሁለት ጊዜ አስገጥሞ፣ ጩኸቱ አልጠፋ ቢለው ወደ እኔ መጣ። አብሬው ወጥቼ ስሰማው ድምፁ መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ ይጨምራል፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ደግሞ ይቀንሳል። ይህ ክብደት ሲጫነው የሚያጉረመርም የቀኝ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ዲፈረንሻሎቹ ሁለቱም ደኅና ነበሩ። የዲፈረንሻል ማርሽ ለመሪ ደንታ የለውም፤ ድምፁን የሚለውጠው የነዳጅ መርገጫው ነው። ነዳጅ ሲሰጥ እያፏጨ እግር ሲነሣ ዝም የሚል ድምፅ፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ፣ ከጥርሶቹ አነካክ ይመጣል። ነዳጅ ተሰጠም ተለቀቀም ሳይለወጥ ከፍጥነት ጋር ብቻ የሚያድግ ጉርምርምታ ወደ ኩሽኔታ ያመለክታል። 1.6 ሊትር ሞተር ባላት ሚያታ የዲፈረንሻሉ ፒኞን (ኃይሉን የሚቀበለው ትንሹ ማርሽ) ከጎማው 4.3 ጊዜ ፈጥኖ ስለሚዞር፣ የእሱ ኩሽኔታ ድምፅ ከጎማው ኩሽኔታ ቀጠን ይላል። ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ አንድ ጊዜ «ጓ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን ዲፈረንሻሉን ከማውረድ በፊት የተሰቀለባቸውን ላስቲኮችና ከካምቢዮ የሚመጣውን የረጅሙን ዘንግ መስቀለኛ መገጣጠሚያ መፈተሽ ይገባል።

«ጭቃ ላይ አንድ ጎማ ብቻ ስለሚሽከረከር ተበላሽቷል።» ተራ ዲፈረንሻል ጤነኛ ሆኖ የሚሠራው እንደዚሁ ነው።

«ኩሽኔታውን ቀይሮ እንደነበረ መዝጋት ይበቃል።» ከሁሉ የሚያደክመኝ ይህ ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ኩሽኔታ ይለወጣል፤ ዋናው ሥራ ግን የሚጀምረው ከተለወጠ በኋላ ነው። ከሞተሩ የመጣውን ኃይል የሚቀበለው ትንሹ ማርሽ ፒኞን ሲሆን፣ ኃይሉን ወደ ጎማዎቹ የሚያዞረው ትልቁ ማርሽ ኮሮና ይባላል (በሽታው ስሙን ሳይወስድብን የእኛ የሙያ ቃል ነበር)። ፒኞኑ የኮሮናውን መሐል ትክክል ሳይሆን ከመሐሉ ዝቅ ብሎ ስለሚይዘው፣ ጥርሶቻቸው በሚገናኙበት ጊዜ ከመንከባለል አልፈው ይንሸራተታሉ። የሚነካኩበት ቦታ በጥቂቱ ከተዛባ መጀመሪያ ይጮኻሉ፣ ከዚያ ይግላሉ፣ በመጨረሻም ይበላላሉ።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይለካሉ፤ ፒኞኑ ወደ ኮሮናው የሚገባበት ጥልቀት፣ የፒኞኑ ኩሽኔታዎች ተጨንቀው የሚቀመጡበት መጠን፣ በሁለቱ ማርሾች ጥርስ መካከል የሚተወው ክፍተት። ክፍተቱ በሚያታ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም የአንድ ወፍራም ፀጉር ያህል ነው። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ እጁን አመስግናችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ይህን የሚለካው ሰዓት መሰል መለኪያ ነው። አዲሱ ኩሽኔታ ከአሮጌው በመቶኛ ሚሊሜትሮች ሊለይ ስለሚችል፣ በፒኞኑ ራስ ሥር ያለችው ቀጭን ቀለበት እንደነበረች መመለሷ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

ልኩ ከተያዘ በኋላ የኮሮናውን ጥቂት ጥርሶች ቢጫ መፈተሻ ቅባት ቀብቼ፣ ኮሮናውን በጨርቅ ይዤ በጥቂቱ እያከበድኩ ፒኞኑን በእጄ አዞራለሁ። ፒኞኑ በነካው ቦታ ቅባቱ ተገፍቶ ጥርሱ ይገለጣል። የተገለጠው ቦታ በጥርሱ ከፍታ መካከል ሞላላ ሆኖ ከታየ ሥራው ደርሷል። ወደ ጥርሱ አናት ከወጣ ፒኞኑ ከኮሮናው ርቋል፤ ወደ ሥሩ ከወረደም ከሚገባው በላይ ገብቷል። በሁለቱም ጊዜ ሁሉም ይፈታል፣ ቀለበቷ በሌላ ውፍረት ትለወጣለች፣ ልኬቱም እንደገና ይጀመራል። ሦስት ጊዜ የፈታሁበት ቀን አለ፤ ደንበኛው ወንበር ላይ ሆኖ «ኩሽኔታ መቀየር ይህን ያህል ይፈጃል?» እያለ ሰዓቱን ያይ ነበር።

ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ ተፋጭተው ጥንድ ሆነው የሚወጡ ስለሆነ የአንዱን ከሌላው ማዳቀል አይቻልም። ጥርሶቹ ከተላጡ ወይም ከተቦረቦሩ ደግሞ ምንም ዓይነት ኩሽኔታ ዝም አያሰኛቸውም።

«ዘይት የሚያፈሰውን የፒኞን ማኅተም (ዘይቱን የሚያግደውን ላስቲክ) መለወጥ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።» የዚህ ስሕተት ታናሽ ወንድም ነው። በሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎች መካከል ሲጠብቅ እየተጨመቀ የሚያጥር ቱቦ መሳይ ቀለበት አለ፤ አንድ ጊዜ ከተጨመቀ አይመለስም። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የመጣ አንድ ልጅ የ1991 መኪናውን ማኅተም ራሱ ለውጦ፣ ትልቁን ዳዶ በአየር መፍቻ እስኪበቃው ድረስ አጠበቀው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስከፍተው ኩሽኔታው ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ ብረት የሚሰማያየው ከልክ በላይ ሲግል ነው። ዳዶው ከመፈታቱ በፊት ቦታው በምልክት ይያዛል፣ ፒኞኑን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ይለካል፣ ሲመለስም በእጅ መፍቻ በትንሽ በትንሹ ይጠብቃል። ያ ልክ ካለፈ አዲስ ቀለበት ከማስገባት በቀር ሌላ መንገድ የለም።

«የ1.8 ዲፈረንሻል በ1.6 መኪና ላይ በቀጥታ ይገባል።» የ1.6 ሊትሯ ኮሮና 6 ኢንች ነው፤ ከ1994 ሞዴል ጀምሮ 1.8 ሊትር ሞተር ሲገባ 7 ኢንች ሆነ። ትልቁ ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወደ ጎማ የሚሄዱት ሁለት ዘንጎችና ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅም ዘንግም ከ1.8 መኪና መምጣት አለባቸው። ሻጩ ዲፈረንሻሉን ብቻ ከሸጠላችሁ የገዛችሁት ከባድ ብረት ነው። ከ1994 እስከ 1997 በወጡት ላይ ያለው ምጥጥን 4.1 ስለሆነ፣ 4.3 በነበረበት መኪና ላይ ሲገጠም ፍጥነት መለኪያው 5 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ 60 ማይል ሲያሳይ መኪናዋ 63 አካባቢ እየሄደች ነው። ለትራፊክ ፖሊሱ ይህን ማስረዳት የእናንተ ፈንታ ይሆናል። በነገራችን ላይ፣ ሞተሩ ካልተነካ ከ116 የፈረስ ጉልበት ጋር ትንሹ ዲፈረንሻል በቂ ነው፤ የሚሰብረው ቱርቦ የጨመረና ፍሪሲዮን በድንገት የሚለቅ ሰው ነው።

«ዘይት ዘይት ነው።» ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ ስለሚነካኩ ለከፍተኛ ጫና የተዘጋጀ፣ ጂኤል-5 የሚል ደረጃ የተጻፈበት ዘይት ያስፈልጋቸዋል፤ ከካምቢዮ የተረፈ ወይም የሞተር ዘይት አይተካውም። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው ከላይ ያለው የመሙያ ብሎን ነው። መውረጃውን አስቀድሞ ፈትቶ፣ ዘይቱን አፍስሶ፣ በክረምት ጨው የዛገው መሙያ እምቢ ሲለው መኪናውን በጭነት የላከልኝ ሰው አንድ ብቻ አይደለም። በመውረጃው ብሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ መሳይ ነገር ቢገኝ አያስደነግጥም፤ ቅርፊት ወይም የጥርስ ስባሪ ከተገኘ ግን መኪናዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ አትነዳም።

«ውስጡን በብየዳ ማያያዝ ርካሽ መፍትሔ ነው።» መኪና ሆን ብለው ለሚያንሸራትቱበት ሜዳ ይሁን፤ ለመንገድ አይሆንም።

«ያገለገለ መግዛት ሁልጊዜ ይረክሳል።» ጥርሶቹ ጤነኛ ከሆኑ የራስን መክፈት ይሻላል፤ ጥርስ ከተሰበረ ደግሞ የተሟላ ያገለገለ ዕቃ መፈለግ ያዋጣል። ሲገዛ ዘይቱን አፍስሶ ማየት፣ ፒኞኑን በእጅ እያዞሩ መሻከሩን ማዳመጥ፣ የኮሮናውን የጥርስ ቁጥር በፒኞኑ አካፍሎ ምጥጥኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ 43 ለ10 ከሆነ 4.3 ነው። ሲወርድ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን እንደ አከርካሪ የሚያያይዘው የአሉሚኒየም ፍሬም ስለሚፈታ፣ ካምቢዮው አስቀድሞ በክሪክ መደገፍ አለበት፤ ሲመለስም ከፍታው በመመሪያው መሠረት ካልተስተካከለ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ሰውየውም «አዲሱም ተበላሽቷል» ብሎ ይመለሳል።

የሲልቨር ስፕሪንጉን ልጅ መኪና በአዲስ ኩሽኔታና በአዲስ ቀለበት ከሠራሁ በኋላ፣ የመጀመሪያዎቹን 500 ማይሎች ነዳጅ በኃይል ሳይረግጥ እንዲነዳ፣ ከዚያ ዘይቱን ሊለውጥ እንዲመጣ ነገርኩት። በቀጠሮው ቀን መጣ፤ በማግኔቱ ላይ የተገኘው ደቃቅ ግራጫ ዱቄት ብቻ ነበር። ብሎኑን በጨርቅ ጠርጎ ራሱ መለሰው፣ የአየር መፍቻውንም አልጠየቀኝም።