ኤምአርአይ ምንድን ነው? በሩ ላይ የሚቀርቡት ጥያቄዎችስ ለምን ይበዛሉ?

በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ ሐኪም ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ መሣሪያ) ያዘዘለት ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጨረር ነው። ራጅ ደጋግሞ መነሣት ጉዳት አለው ሲባል ስለሰማ፣ ይህ መሣሪያ ደግሞ ከራጅ እጅግ ስለሚገዝፍ ጨረሩም የዚያኑ ያህል የሚበዛ ይመስለዋል። ኤምአርአይ ግን ራጅና ሲቲ ስካን የሚጠቀሙበትን ዓይነት ጨረር ጨርሶ አይጠቀምም፤ የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ታካሚው በዋናነት ሊጠነቀቅ የሚገባውም ከማግኔቱ ነው።

ከሰውነታችን ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውኃ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ የውኃ ሞለኪውል ውስጥ ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ይገኛሉ። የእነዚህ አቶሞች እምብርት እንደ ጥቃቅን ማግኔት ስለሆነ፣ ሰውየው ወደ መሣሪያው ሲገባ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ የትልቁን ማግኔት አቅጣጫ ይይዛሉ። የሬዲዮ ሞገድ ሲላክባቸው ከአቅጣጫቸው ይናጋሉ፤ ሞገዱ ሲቋረጥ ደግሞ ወደ ነበሩበት እየተመለሱ ደካማ ምልክት ይሰጣሉ። ይህ ምልክት በስብ፣ በጡንቻና በአንጎል ውስጥ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ኮምፒውተሩ ልዩነቱን ወደ ምስል ይለውጠዋል። ምስሉን ለማግኘት መንገድ ያበጁት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። መሣሪያው ከሁሉ በላይ የሚመረጠው አንጎልን፣ ህብለ ሰረሰርን፣ የዲስክ መንሸራተትንና የመገጣጠሚያ ጅማቶችን ለማየት ነው።

በብዙ ሆስፒታሎች የሚገኘው ማግኔት ኃይሉ 1.5 ቴስላ (የማግኔት ኃይል መለኪያ) ነው፤ ይህም ከምድር የማግኔት ኃይል 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር፣ ይህ ማግኔት ታካሚ በሌለበት ሰዓትም ሌሊትም የማይጠፋ መሆኑን ነው። መቀስ ወይም የኦክስጅን ሲሊንደር ተይዞ ቢገባ ተስቦ እንደ ድንጋይ ሊወረወር ይችላል። ባለሙያው በሩ ላይ ጥያቄ የሚያበዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ የወለዳት ከተማ ናት፤ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጀምሮ እስከ ዛሬዎቹ ጋራዦች ድረስ በብየዳና በብረት ሞረዳ ሲሠራ የኖረ ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከዓመታት በፊት ዐይኑ ውስጥ የገባችውን የብረት ቅንጣት ረስቷት ሊሆን ይችላል፤ ማግኔቱ ግን ሊያንቀሳቅሳትና ዐይኑን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ «ብረት ሠርተህ ታውቃለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ድሮ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባውም፤ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ዐይኑ አስቀድሞ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ይታያል። በሰውነት ውስጥ የቀረ የጥይት ፍንጣሪ፣ የልብ ባትሪ፣ በአንጎል የደም ሥር ላይ የተደረገ ማሰሪያና በጆሮ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያም እንዲሁ ሊነገሩ ይገባል። አንዳንዶቹ ምርመራውን ጨርሶ ይከለክላሉ፤ አንዳንዶቹ፣ በተለይ አዳዲሶቹ የልብ ባትሪዎች፣ በልዩ ጥንቃቄ ይፈቀዳሉ። ይህን የሚለየው በሰውነት ውስጥ የተተከለው ዕቃ መታወቂያ ካርድ ስለሆነ ካርዱን ይዞ መሄድ ይገባል።

የሐረር እናቶች የብር አምባርና ጉትቻም ይወልቃል፤ ብር በማግኔት ባይሳብም በሬዲዮ ሞገዱ ሊሞቅ፣ ምስሉንም ሊያበላሽ ይችላል። በልብስ ስር የተንጠለጠለ ክታብ፣ የሻሽ ስፒልና በብረት ክር የተጠለፈ ልብስም የሚታዩት በዚሁ ዓይን ነው። ክታቡን ማውለቅ የሚከብዳቸው እንዳሉ ይታወቃል፤ በር ላይ ከመከራከር ይልቅ ለአስታማሚ መስጠት ይሻላል። የጥያቄው ቅጽ በማያውቁት ቋንቋ ከቀረበ ግን በግምት መፈረም አያስፈልግም፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ ቋንቋ እንዲነበብላቸው ይጠይቁ።

ሐኪሙ ምስሉን ለማጥራት ጋዶሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ያለበት መድኃኒት በደም ሥር እንዲሰጥ ሊያዝ ይችላል። ኩላሊቱ በጣም የተዳከመ ሰው ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ነፍሰ ጡር ሴትም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ታካሚው ጠባብ ዋሻ በሚመስል ቱቦ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 60 ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ይተኛል፤ መሣሪያው እንደ መዶሻ ስለሚጮህ የጆሮ መሸፈኛ ይሰጠዋል፣ ቢጨንቀው የሚጨብጠው የመጥሪያ ኳስም በእጁ ይደረጋል። ጫት ቅሞ ለሚመጣ ሰው ረግቶ መተኛት እንደሚከብደው መገመት አያስቸግርም። ክፍሉ ለመሣሪያው ሲባል ስለሚቀዘቅዝ ከድሬዳዋ ሙቀት የገባ ሰው ብርድ ልብስ ቢጠይቅ አያሳፍርም። ማረጋጊያ መድኃኒት ያልወሰደ ሰው እንደጨረሰ በልቶ መንገዱን ሊቀጥል ይችላል፤ የወሰደ ግን አስታማሚ ሳይኖረው በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለውን የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ባይጀምር ይመረጣል።