እምብዛም የማይከፈት ሻወር፦ የቧንቧና የውሃ ንጽሕና አያያዝ

አዲስ አበባ ውስጥ ማንም የማይታጠብበት ሻወር ያለው ቤት ብዙ ነው። የእንግዳ ክፍሉ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ግፊት የማይደርሰው የላይኛው ፎቅ። ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ዘበኛ ብቻ የሚጠብቀው ቤትም አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሻወር ቤቱ ቀስ በቀስ እቃ ቤት ይሆናል። ጄሪካኑ፣ ባልዲው፣ መወልወያው፣ አንዳንዴ የከሰል ማዳበሪያው ሳይቀር እዚያ ይከተታል። ያልተነካ ነገር አይበላሽም ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ቧንቧ ግን የሚበላሸው ሳይነካ ሲቀር ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ሽታ ነው። ከወለሉ ፍሳሽ መውረጃ ሥር ሲፎን የሚባል ውሃ የሚያቁር ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ አምስት ሳንቲሜትር ገደማ ውሃ ይቀመጣል። ሥራው ከፍሳሽ መስመሩ የሚወጣውን ጋዝና በረሮ መከልከል ነው። ሻወሩ ካልተከፈተ ውሃው ይተናል፤ በበጋ ጥቂት ሳምንታት ይበቁታል። ከዚያ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ሰው አየር ማደሻ ይገዛል፣ ባለሙያ ጠርቶ ወለል ሊያስቆፍር ይነሳል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ነው። ለወራት የሚዘጋ ቤት ከሆነ በውሃው ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግ ትነቱን ያዘገየዋል።

ነገሩ ከሽታ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ መንደር ሳርስ የተባለው የሳንባ በሽታ ከ300 በላይ ነዋሪዎችን ያዘ። መርማሪዎች ለስርጭቱ ምክንያት ካሏቸው ነገሮች አንዱ የደረቁ የመታጠቢያ ቤት ሲፎኖች ነበሩ። የአየር መሳቢያው ሲበራ ከፍሳሽ መስመሩ የተበከለ ጠብታ ወደ ቤት ይስብ ነበር።

ሁለተኛው ጣጣ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ ነው። የከተማ ውሃ ክሎሪን ይዞ ነው የሚመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ቤት ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም እንዲቀረው ይመክራል። ውሃው ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ግን ክሎሪኑ ያልቃል። ያኔ በቧንቧው ውስጠኛ ገጽ ላይ ስስ ዝልግልግ ነገር ይጋገራል፤ ባክቴሪያም ይራባበታል። ቧንቧው የቆየ ብረት ከሆነ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወርደው ቡናማ ውሃ ነው። እሱ ደግነቱ በዓይን ይታያል።

የማይታየው ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ አሜሪካን ሌጅን በተባለ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከተነሳው የሳንባ ምች ወረርሽኝ ነው። የዚያኛው መነሻ ስብሰባው የተደረገበት ሆቴል አየር ማቀዝቀዣ እንደነበር ይታመናል። ሻወርም ግን ያው ባሕርይ አለው፤ ውሃን ወደ ደቃቅ ጠብታ ይበትናል። ባክቴሪያው ሰው የሚይዘው በአብዛኛው ጠብታው ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ፣ የሚያጨሱና ሳንባቸው የደከመ ሰዎች ይበልጥ ይጎዳሉ።

ሌጂዮኔላ የሚወደው ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ያለውን ሙቀት ነው፤ በ60 ይሞታል። የአዲስ አበባ ብርድ በዚህ በኩል ይረዳል፤ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሮቶ ግን ብርዱን አያውቀውም። ድሬዳዋና አፋር ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን በበጋ የቀዝቃዛው ቧንቧ ውሃ እንደሚያቃጥል ያውቃሉ። አንዳንዶች ቦይለሩን አጥፍተው እንደ ማቀዝቀዣ ይጠቀሙበታል። ብልሃቱ ያስቃል፤ ነገር ግን ለብ ያለ የቆመ ውሃ ለባክቴሪያው ድግስ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው፦ በሳምንት አንድ ጊዜ ሻወሩን ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ማፍሰስ። ቀዝቃዛውም ሙቁም ይፍሰስ። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ከቆየ አከፋፈቱ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሻወሩን ራስ ፈትቶ ማውጣት ወይም ባልዲ ውስጥ ማስገባት፣ መስኮት መክፈት፣ ውሃው እየፈሰሰ ሳለ ከክፍሉ መውጣት። በፈረቃ ሰፈር ውሃ ማፍሰስ ነውር ይመስላል። በባልዲ ተይዞ ለሽንት ቤት ከዋለ ግን ምንም አይባክንም።

ቦይለር ካለ ከማብራት በፊት ውሃ መሙላቱን ማየት ግድ ነው። የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ ውሃው አየር ሳይተፋ ሲወርድ ማብራት ይቻላል። ባዶውን ከተበራ ሬዚስታንሱ ይቃጠላል። ወደ 60 ዲግሪ አድርሶ ማፍሰስ ጥሩ ነው፤ ያ ሙቀት ግን በሰከንዶች ውስጥ ቆዳ ይልጣል። ሕፃናት እንዳይጠጉ።

የሻወሩ ራስ ሲፈታ ብዙ ነገር ይናገራል። ቀዳዳዎቹ አካባቢ ነጭ ቅርፊት ይዟል፤ ከውሃው የቀረ ኖራ ነው። ጎማው ሥር ጥቁር ወይም ሮዝ ዝልግልግ ይኖራል። ቅርፊቱ ለባክቴሪያ መሸሸጊያ ስለሚሆን አንድ ሌሊት አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ ይለቀዋል። በረኪና የሚጠቀም ሰው ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ እንዳይቀላቅለው። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ መስኮት በሌለው ሻወር ቤት ውስጥ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው።

ስለ ሮቶው ብዙ አይባልም። ክዳኑ ይገጠም፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታጠብ። ታችው ዝቃጭ ከያዘ ሻወሩን ማጠብ ብቻውን ትርጉም የለውም።

ከእንግዲህ ማንም አይታጠብበትም ከተባለም የሻወሩን ጫፍ በታፓ መዝጋት አይበቃም። ከግድግዳው ኋላ ያለው ቅርንጫፍ የቆመ ውሃ እንደያዘ ይቀራል፤ ያ ውሃ ደግሞ ከኩሽናው ቧንቧ ጋር የተገናኘ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ቅርንጫፉን ከዋናው መስመር በሚለይበት ቦታ ይቁረጠው። የወለሉ መውረጃም አብሮ ይደፈን።