ሐሮሴት፦ በአይሁድ ፋሲካ ማዕድ ላይ የሚቀርበው ጣፋጭ "ጭቃ"

ሐሮሴት አይሁድ በፋሲካ ምሽት የሚበሉት ጣፋጭ ምግብ ነው። ከፍራፍሬ፣ ከዋልነት ወይም ከአልሞንድ፣ ከቅመምና ከወይን ጠጅ ይሠራል። መልኩ ቡናማ ነው፤ አንዳንዱ ወደ ጥቁር ይጠጋል። ዓይን አይስብም፤ እንዲስብም አልተፈለገም። የእስራኤል ልጆች በግብፅ ባሪያ ሳሉ ጡብ የሠሩበትን ጭቃ እንዲያስታውስ ነው የሚዘጋጀው። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 1 ግብፃውያን በጭቃና በጡብ ሥራ ኑሯቸውን እንዳስመረሩባቸው ይተርካል።

የሚቀርበው ሴዴር በሚባለው የፋሲካ ምሽት ሥርዓት ላይ ነው። ሴዴር ኒሳን የተባለው የዕብራውያን ወር 14ኛ ቀን ጀምበር ከጠለቀች በኋላ፣ 15ኛው ቀን ሲገባ ይደረጋል። በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በእስራኤል አንድ ምሽት ነው። በሌላው ዓለም ያሉ ብዙ ማኅበረሰቦች ግን ሁለት ምሽት ያደርጉታል። በጠረጴዛው መሀል በሚቀመጠው ሳሕን ላይ የተጠበሰ አጥንት፣ እንቁላል፣ መራራ ቅጠል፣ እንደ ፓርስሊ ያለ አትክልትና ሐሮሴት ይደረደራሉ። ማጻ የሚባለው ቂጣም አብሮ ይቀርባል። በዚህ ሁሉ መካከል አሠራሩ ለየቤቱ እጅ የተተወው ሐሮሴት ነው። ቂጣው ከዱቄትና ከውሃ ውጭ ምንም አይገባበትም፤ የሚቦካበትና የሚጋገርበት ደቂቃ ሳይቀር ይቆጠራል። ሐሮሴት ግን ትርጉሙ ይታወቃል እንጂ ውስጡ የሚገባው ነገር አልተቆረጠም። ከየመን እስከ ደቡብ አሜሪካ ያለው ሕዝብ በደጁ ካገኘው ፍሬ የራሱን ጭቃ ያቦካው ለዚህ ነው።

ትእዛዝ ነው ወይስ አይደለም?

እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ የተጠናቀረው ሚሽና የተባለው የአይሁድ የቃል ሕግ መጽሐፍ ሐሮሴትን ከቂጣውና ከሰላጣው ጋር ለማዕድ እንደሚቀርብ ይጠቅሰዋል። እዚያው ላይ ክርክር አለ። መምህራኑ ትእዛዝ አይደለም ይላሉ። የረቢ ጻዶቅ ልጅ ረቢ ኤልዓዛር ደግሞ ትእዛዝ ነው ይላል።

ሚሽናን የሚያብራራው የባቢሎን ታልሙድ ጥያቄውን ይዞ ይቀጥላል። ትእዛዝ ካልሆነ ለምን ይቀርባል? በመራራው ቅጠል ውስጥ ያለውን ጎጂ ነገር ያከሽፋል የሚል መልስ ይሰጣል። ትእዛዝ ከሆነስ? እዚህ ላይ ሁለት መልሶች ይመጣሉ። ረቢ ሌዊ የአፕሉን ዛፍ ለማስታወስ ነው አለ። ረቢ ዮሐናን ጭቃውን ለማስታወስ ነው አለ። የአፕሉ ታሪክ ከሴቶቹ ጋር የተያያዘ ነው። በትውፊቱ መሠረት ዕብራውያት እናቶች ከፈርዖን ሰዎች ተደብቀው በአፕል ዛፍ ሥር ይወልዱ ነበር። ከባርነት ነፃ የወጣነው በእነዚያ ሴቶች ጽድቅ ነው የሚል ቃልም በታልሙድ አለ። ስለ ሐሮሴት ሲወራ ጭቃው ብቻ ተነሥቶ እነዚህ እናቶች ሲዘለሉ ያሳዝነኛል። ሁለቱም በአንድ ሳሕን ላይ ናቸውና።

አባዬ የተባለው መምህር ሁለቱን ሐሳቦች አስታረቃቸው። ለአፕሉ ሲባል ኮምጠጥ ይበል፣ ለጭቃው ሲባል ወፈር ይበል አለ። ቅመሙ ደግሞ ጭድ ነው። ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዘጸአት ምዕራፍ 5 ፈርዖን ጭዱን ከልክሎ የጡቡን ቁጥር ግን እንዳለ መጠየቁ ጭካኔው የቱን ያህል እንደነበር ያሳያል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤቶች ቀረፋውንና ዝንጅብሉን እንደ ዱቄት አያልሙትም። ጭረት ጭረቱ እንዲታይ ይተዉታል። ታልሙድ እንደሚለው የኢየሩሳሌም ቅመም ነጋዴዎችም በዚያ ሰሞን "ኑ፣ ለትእዛዙ የሚሆን ቅመም ግዙ" እያሉ ይጣሩ ነበር።

በ12ኛው መቶ ዘመን የአይሁድ ሊቅ የነበረው ራምባም፣ ማለትም ሙሴ ማይሞኒደስ፣ የሕግ መጽሐፉን ሲጽፍ አሠራሩን ባጭሩ አስቀምጧል። ተምር፣ የደረቀ በለስ ወይም ዘቢብ ይደቆሳል፤ ኮምጣጤ ይጨመርበታል፤ ጭድ ጭቃ ውስጥ እንደሚገባ ቅመም ይገባበታል። ይህን ሲጽፍ የሚኖረው እዚያው ግብፅ፣ ፉስጣጥ ውስጥ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን በፖላንዷ ክራኮው የነበረው ረቢ ሙሴ ኢሰርለስ ደግሞ ወፍራም ሆኖ ከተሠራ በኋላ ጥቂት ኮምጣጤ ወይም ቀይ ወይን ይፈስስበታል ይላል። ያ በዘጸአት ታሪክ ውስጥ ላለው ደም መታሰቢያ ነው። ከታልሙድ በኋላ የመጡ ሊቃውንት በመኃልየ መኃልይ ውስጥ እስራኤል የተመሰለችባቸው ፍሬዎች ቢገቡበት ይመረጣል አሉ። አፕል፣ በለስ፣ ሮማን፣ ዋልነትና ተምር ከነዚያ ናቸው።

ማዕዱ ላይ

ሐሮሴት የራሱ ቡራኬ የለውም። የሚባረከው በመራራው ቅጠል ላይ ነው። መራራው በብዙ ቤት ሮሜይን የሚባለው የሰላጣ ዓይነት ነው፤ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት ሆርስራዲሽ የሚባለውን የሚያቃጥል ሥር ይጠቀማሉ። ቅጠሉ ሐሮሴት ውስጥ ይነከራል፤ ወዲያው ይወጣል፤ የተጣበቀው ይራገፋል፤ ከዚያ ይበላል። ማራገፉ ሕግ ነው። ጣፋጩ በዝቶ ምሬቱን ካጠፋው መራራ መብላት ትርጉም ያጣል። ልጆች ማንኪያ ሙሉ ሐሮሴት ሲጭኑበት አያቶች የሚገሥጹት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ቂጣና መራራ ቅጠል አንድ ላይ ተደርገው ይበላሉ። ይህ ቤተ መቅደሱ ሳይፈርስ የነበረውን የታላቁን መምህር የሒሌልን ልማድ ይከተላል። ብዙዎች በመሀሉ ሐሮሴት ይቀቡበታል። እውነት ለመናገር ከምሽቱ ጉርሻዎች ሁሉ የሚወደደው ይሄኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1862 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ዛሬ ዌስት ቨርጂኒያ በምትባለው ግዛት የሰፈሩ የሰሜን ጦር አይሁድ ወታደሮች በጫካ ውስጥ ሴዴር አደረጉ። ቂጣ ተላከላቸው። በግም አገኙ። ሐሮሴት የሚሠሩበት ነገር ግን አጡ። ስለዚህ እውነተኛ ጡብ አምጥተው ማዕዱ ላይ አስቀመጡ። ከወታደሮቹ አንዱ ታሪኩን በ1866 በጋዜጣ ጽፎታል። በጂብራልታር ደግሞ ሐሮሴቱ ውስጥ በጣም ጥቂት የጡብ ብናኝ የመነስነስ ልማድ እንዳለ በሰፊው ይነገራል።

የየአገሩ እጅ

የፖላንድ፣ የሩሲያና የጀርመን አይሁድ አፕል በደንብ የሚያገኙ ሰዎች ነበሩ። የእነሱ ሐሮሴት አፕል፣ ዋልነት፣ ቀረፋና ጣፋጭ ቀይ ወይን ነው። አይበስልም፤ ተከትፎ ወይም ተፈቅፍቆ ይደባለቃል። በአሜሪካ በብዛት የሚታወቀው ይሄ ነው።

ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ተምር ይነግሣል። የባግዳድ አይሁድ ተምሩን ዘፍዝፈው፣ ቀቅለው፣ በጨርቅ ያጠሉታል። ከዚያ እንደ ማር እስኪወፍር እሳት ላይ ያቆዩታል። በእስራኤል ሲላን የሚባለው የተምር ማር ይሄው ነው። ማዕድ ሲቀርብ የተፈጨ ዋልነት ይነሰነስበታል፤ አለቀ። እንደ እኔ ከሁሉም የሚጥመው ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚያደክመውም እሱ ነው። የኢራን አይሁድ ተቃራኒውን መንገድ ሄዱ። ሐሌግ የሚሉት ሐሮሴት ፒስታሽዮ፣ አልሞንድ፣ ዋልነት፣ ተምር፣ ዘቢብ፣ አፕል፣ ሮማን፣ አንዳንዴም ሙዝ ይገባበታል። ሔልና ቀረፋም አይቀሩም። የየመን አይሁድ ዱኬ ይሉታል። ተምር፣ በለስ፣ ዘቢብ፣ አልሞንድና የተቆላ ሰሊጥ ተወቅጦ በዝንጅብል፣ በከሙንና በቁንዶ በርበሬ ይቀመማል። ጣፋጭ ነው፤ ግን ያቃጥላል። የኛን አገር ምላስ ቶሎ የሚስማማው እሱ ይመስለኛል።

ሞሮኮዎች ተምሩንና ዋልነቱን አድቅቀው በእጅ ያድበለብሉታል። በጣልያን ቼስትነት ይገባበታል። በካሪቢያኗ ኩራሳው ጋሮሳ ይባላል፤ ኦቾሎኒ ገብቶበት በኳስ መልክ ተድቦልቡሎ ቀረፋ ይነሰነስበታል። በሱሪናም ኮኮናት ዋናው ነው።

ቤተ እስራኤልና ሐሮሴት

ኢትዮጵያ ውስጥ የኖሩት ቤተ እስራኤል ሐሮሴት አይሠሩም ነበር። ሐሮሴት የመጣው ከሚሽናና ከታልሙድ ነው። እነሱ የሚመሩት ደግሞ በግዕዝ በተጻፈው ኦሪት ነበር። ዘጸአት ምዕራፍ 12 በጉን፣ ቂጣውንና መራራውን ቅጠል ያዛል፤ ስለ ሐሮሴት አንድም ቃል የለውም። በጎንደርና በአካባቢው መንደሮች ቄሶቹ በጉን አመሻሽ ላይ ይሠዉ ነበር። ሕዝቡ በቂጣ ይበላል። ሰባት ቀን የቦካ ነገር አይቀመስም። ሴቶቹ በሸክላ ሥራ የታወቁ ናቸውና ለበዓሉ አሮጌውን ድስትና ምጣድ ሰብረው በአዲስ ይተኩ ነበር።

አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያወራዋል። አልስማማም። ሌላው ዓለም በሳሕን ላይ ባለ አንድ አጥንት ብቻ የሚያስታውሰውን መሥዋዕት እነሱ በእጃቸው ይፈጽሙት ነበር። ጭቃውንም ቢሆን ከማንም በላይ በእጃቸው ያውቁታል።

እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ብዙዎቹ እስራኤል ገቡ። ሴዴርና ሐሮሴትም በልጆቹ በኩል ወደ ቤታቸው ገባ። በእስራኤል መዋዕለ ሕፃናት ከበዓሉ በፊት ሐሮሴት መሥራት የተለመደ ነው፤ ልጁ በትንሽ ዕቃ ይዞት ይመጣል፤ አያትም ይቀምሳሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችም ከዚያው ከዘጸአት ታሪክ የሚያያይዙት ምግብ አላቸው። በጸሎተ ሐሙስ የሚቀቀለው ጉልባን እስራኤላውያን ከግብፅ በጥድፊያ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ ሳይጠብቁ የበሉትን ያስታውሳል ይባላል።

ቤት ውስጥ ሲሠራ

ከአፕል የሚሠራው ቀላል ነው። ለስምንት ሰው ሦስት ትልልቅ አፕል ይበቃል። ኮምጠጥ የሚለውና ጠጣሩ ይመረጣል። ልጡ ይነሣና በቢላ ደቀቅ ተደርጎ ይከተፋል። አንድ ኩባያ ዋልነት ምጣድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይሞቅና ይከተፋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ከሦስት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ ጣፋጭ ቀይ ወይን ይጨመራል። ከዚያ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ይቀመጥ። አፕሉ ወይኑን ጠጥቶ ይጠቁራል። በሌላ ጊዜ አፕል እንዳይጠቁር ሎሚ ይጨመቅበታል፤ እዚህ ግን መጥቆሩ ነው የሚፈለገው። ብሌንደር አልመክርም፤ ውሃ ያደርገዋል።

ለተምሩ ግማሽ ኪሎ ተምር ፍሬው ይወጣና ውሃ ተሞልቶበት በመጠነኛ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበስላል። ሲለሰልስ በማንኪያ ይደፈጠጣል፤ ጠንካራ ቅርፊት ከቀረበት በወንፊት ያልፋል። ሲቀዘቅዝ አንድ ኩባያ የተፈጨ ዋልነት፣ ሁለት ማንኪያ ወይንና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሔል ይገባበታል። ስኳር አያስፈልገውም። ይልቅስ ጥቂት የወይን ኮምጣጤ ጠብ ቢልበት የአባዬ ቃል ይጠበቃል፤ ጣዕሙም ይነቃል።

የፋሲካን ሕግ የሚጠብቅ ቤት ሌላም የሚያየው አለ። ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃና ዘመዶቻቸው የነኩት ነገር አይገባም። ስለዚህ ወይኑ፣ ኮምጣጤውና የተፈጨው ቅመም ለፋሲካ የተፈቀዱ መሆናቸው ይታያል። የምሥራቅ አውሮፓ ዘሮች ሰሊጥ በበዓሉ አይበሉም፤ ብዙዎቹ ኦቾሎኒም ይተዋሉ። ስለዚህ እንግዳ ከተጠራ አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው። በዓሉ ሰንበት ላይ ከዋለ መፍጨትና መውቀጥ ስለማይፈቀድ ሐሮሴቱ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት። ወይን የማይጠጣ ሰው የወይን ጭማቂ ይጨምራል። ዋልነትና አልሞንድ የማይስማማው ልጅ ካለ ፍሬውና ቅመሙ ብቻ ይበቃል፤ ራምባም በጻፈው አሠራር ውስጥም እነሱ አልተጠቀሱም።

የተረፈው አይጣልም። የአፕሉ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ውሃ ይለቃል። የተምሩ ግን በዓሉ እስኪያልቅ አይበላሽም። ዳቦ በሌለበት በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ቂጣ ላይ ተቀብቶ ከሻይ ጋር ይበላል።