የመቁረጫ ነጥብ ምንድን ነው?

ወላጆች ዛሬም በለመደ አፋቸው «ሚኒስትሪ» የሚሉት የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲጠናቀቅ በባሕር ዳር ሌላ የፈተና ወቅት ይከፈታል። ተማሪዎችን በመግቢያ ፈተና እየመረጡ የሚቀበሉ የግልና የአዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ምዝገባ ይጀምራሉ፤ አስጠኚዎችም ከሽምብጥ እስከ ቀበሌ 14 በየኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። የአብዛኞቹ ማስታወቂያዎች ይዘት አንድ ነው፤ ዓምና መቁረጫ ነጥቡ 78 ስለነበር ልጅዎን ዘንድሮ 80 እናደርስልዎታለን የሚል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ በሬዲዮ ቀርበው፣ አንድ ትምህርት ቤት «መቁረጫ ነጥቡን ወደ 84 ከፍ በማድረጉ ጎበዝ ልጆች ወደቁ» ሲሉ አደመጥኩ። ሙያዬ የትምህርት ምዘና ነውና ይህን ዓይነት አነጋገር ለዓመታት በዝምታ ሳልፈው ቆይቻለሁ። አሁን ግን ወላጆች በዚሁ የተሳሳተ ግንዛቤ ተመርተው ገንዘብ እየከፈሉና ልጆቻቸውን እያስጨነቁ በመሆኑ ጉዳዩን ማብራራት ግድ ሆኗል።

የመቁረጫ ነጥብ ማለት ተፈታኞች በውጤታቸው ከላይ ወደ ታች ከተደረደሩና ያለው ቦታ ከሞላ በኋላ፣ በመጨረሻው ቦታ ላይ የገባው ተማሪ ያመጣው ነጥብ ነው። ለ120 ቦታ 900 ልጆች ቢፈተኑ መቁረጫው የ120ኛው ልጅ ውጤት ነው። ይህ ልጅ 61 ቢያመጣ መቁረጫው 61 ይሆናል፤ 88 ቢያመጣ 88። ስለዚህ ነጥቡን ከፈተናው በፊት የሚያውቀው ሰው የለም፤ ርዕሰ መምህሩም ቢሆኑ አያውቁትም። ተንታኙ «ከፍ አደረገ» ያሉት ትምህርት ቤት በእርግጥ የወሰነው የቦታውን ብዛት ብቻ ሲሆን፣ 84ቱን ያመጡት ተፈታኞቹ ራሳቸው ናቸው። «ወደቁ» የሚለውም አያስኬድም፤ በዚህ ፈተና ውስጥ የተመረጠና ያልተመረጠ እንጂ ያለፈና የወደቀ የለም።

የማለፊያ ነጥብ ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ማለፊያ የሚወሰነው አስቀድሞ ነው፤ አንድ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባው ዝቅተኛ መጠን ይህ ነው ተብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ በላይ ያመጣ ሁሉ፣ አንድም ይሁን መቶ ሺህ፣ ያልፋል። ሁለቱ ጎን ለጎን የታዩበት ጥሩ ምሳሌ የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። 50 በመቶው ማለፊያ ስለነበር ዩኒቨርሲቲዎች ባዶ ወንበር አላቸው ተብሎ ዝቅ አልተደረገም። ለሪሚዲያል ፕሮግራም፣ ማለትም ከመደበኛው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በፊት ለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ የገቡት ግን ከ50 በታች ካመጡት መካከል በቅበላ አቅም ልክ የተመረጡ ናቸው፤ የእነርሱ ነጥብ መቁረጫ ነው። በአንድ ፈተናና በአንድ ዓመት ሁለት ዓይነት መስመር ተሰመረ፤ በየሻይ ቤቱ ግን ሁለቱም በአንድ ስም ሲጠሩ ከረሙ።

የባሕር ዳር ሰው ለዚህ ጉዳይ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጣና ዳር መቆም ይበቃዋል። የሐይቁ ውሃ ክረምቱ አልቆ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል፤ ግንቦት ላይ ይሸሻል፤ በመካከሉ ያለው ልዩነት በብዙ ዓመታት ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ዳር ላይ ያለ አንድ ድንጋይ ዓምና በዚህ ወቅት ደረቅ ሆኖ ታይቶ ዘንድሮ ውሃ ቢውጠው፣ ድንጋዩ አጠረ የሚል ሰው የለም። የድንጋዩ ቁመት ያው ነው፤ የተለወጠው የዝናቡ መጠን ነው። የመቁረጫ ነጥብም እንደ ውሃው ጠርዝ ነው። የተፈታኙ ቁጥር ሲበዛና ጠንካራ ተፈታኞች ሲጨመሩ ጠርዙ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓምና ሊገባ ይችል የነበረ ልጅ በዚያው እውቀቱ ዘንድሮ ከጠርዙ በታች ይቀራል። ጨረጨራ ላይ ያለው የግድብ በር ሲከፈት የሐይቁ ውሃ እንደሚቀንስ ሁሉ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ጨምሮ ቦታውን ከ120 ወደ 160 ቢያሳድግ ጠርዙ ዝቅ ይልና ተውጠው የነበሩ ድንጋዮች ብቅ ይላሉ። ማዕበል ሲኖር ደግሞ ጠርዙ ላይ ያለው ድንጋይ አንዴ ይረጥባል፣ አንዴ ይደርቃል፤ ወደዚህ ወደ ማዕበሉ ጉዳይ እመለስበታለሁ። ምሳሌው የሚያጥርበት ቦታም አለ፤ ድንጋይ ቁመት አይጨምርም፣ ልጅ ግን ይጨምራል።

አስጠኚዎቹ የዓምናውን 78 ዒላማ አድርገው ሲያስጠኑ የሚዘነጉት ይህንን ነው። በከተማው ያሉ ተፈታኞች ሁሉ አንድ ዓይነት የቆየ የጥያቄ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርገው ቢሸመድዱና እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ነጥብ ቢጨምሩ፣ መቁረጫውም አምስት ነጥብ ከፍ ይላል፤ ማንም ማንንም አይቀድምም። ይህን ስል ልምምድ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። የመልስ ወረቀት ማጥቆር ለምዶ የማያውቅ ልጅ፣ ሰዓት አከፋፈል የማያውቅ ልጅ በእርግጥ ይጎዳል፤ ይህን ለማስተካከል ግን ጥቂት ሳምንታት ይበቃሉ።

ሌላው የስህተት ምንጭ የክፍል ደረጃ ነው። «ልጄ ከ60 ተማሪ 1ኛ፣ አማካዩ 96፤ እዚህ እንዴት 63 ያመጣል?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልኛል። መልሱ በፈተናው አሠራር ውስጥ አለ። የክፍል ፈተና ዓላማ የተማሩትን መያዛቸውን ማረጋገጥ ስለሆነ፣ አንድን ጥያቄ ሁሉም ቢመልሱት መምህሩ ይደሰታል። የመምረጫ ፈተና ዓላማ ግን ተፈታኞችን መለየት ነው፤ ሁሉም የመለሱት ጥያቄ ማንንም ከማንም አይለይም፣ ማንም ያልመለሰውም እንዲሁ። ከ900 ልጆች 120 ለመለየት የሚጠቅሙት፣ ጥቂት ብርቱዎች የሚመልሷቸውና ሌሎቹ የሚሳሳቱባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ስለዚህ አዘጋጁ ሆን ብሎ ፈተናውን ያከብደዋል፤ የልጁ 63ም ድክመቱን አያሳይም። በዚያ ላይ በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ልጆች አብዛኞቹ በየትምህርት ቤታቸው ከ1ኛ እስከ 5ኛ የወጡ ናቸው።

የሚለይ ጥያቄ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይ። «የአንድ ጫማ ዋጋ 500 ብር ነበር። በመጀመሪያ 20 በመቶ ጨመረ፤ ቀጥሎ በአዲሱ ዋጋ ላይ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ዋጋው ስንት ነው?» ከአማራጮቹ አንዱ 500 ነው፤ እርሱም የተቀመጠው 20 ተደምሮ 20 ከተቀነሰ ወደ መነሻው ይመለሳል ብሎ ለሚቸኩል ልጅ ነው። ዋጋው መጀመሪያ 600 ሆኖ ከ600 ላይ 120 ሲቀነስ 480 እንደሚመጣ የሚያየው፣ በመቶኛ የሚሰላው ከየትኛው ቁጥር እንደሆነ የገባው ልጅ ነው። ቀመሩን ሁለቱም ልጆች ያውቁታል። ይህን ልዩነት የሽምደዳ ወረቀት አያመጣውም፤ የሚያመጣው ልጁ የተሳሳተበትን ምክንያት በራሱ አፍ እንዲያስረዳ ማድረግ ነው።

አንዲት እናት ያመጡልኝን የልምምድ ደብተር አስታውሳለሁ። በየገጹ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ 38/50፣ 41/50፣ 39/50 ተጽፏል፤ ከዚያ ውጭ አንዲት እርማት የለበትም። ልጁ 39 ያመጣው ስላላወቀ ነው? ጥያቄውን አሳስቶ ስላነበበ ነው? ወይስ ሰዓት ስላነሰው? ሦስቱ ሦስት የተለያየ መድኃኒት የሚፈልጉ ሲሆኑ፣ በዚያ ደብተር ውስጥ ግን ሁሉም ከአንድ ቁጥር ሥር ተቀብረዋል። ከአዲስ የልምምድ ፈተና ይልቅ ያለፈው ላይ የተሳሳታቸውን አሥራ አንድ ጥያቄዎች በሦስት ክፍል መለየት ይሻል ነበር።

አሁን ወደ ማዕበሉ። ማንኛውም ፈተና የልኬት ስህተት አለው፤ ያው ልጅ በዚያው እውቀቱ በሌላ ቀን ቢፈተን ትንሽ የተለየ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። የአንድ ፈተና የአስተማማኝነት መለኪያ (ፍጹም ቢሆን 1 የሚሆነው) 0.91፣ የውጤቱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ውጤቶቹ ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን) 12 ነው ብንል፣ ይህም እጅግ ጥሩ ፈተና ነው፣ የልኬት ስህተቱ 3.6 ነጥብ ገደማ ይሆናል። 76 ያመጣ ልጅ ትክክለኛ ችሎታው ከ72 እስከ 80 ባለው ውስጥ ነው ብለን ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ብቻ ልንተማመን እንችላለን ማለት ነው። ግምትም አለ፤ ባለአራት አማራጭ በሆኑ 60 ጥያቄዎች ውስጥ 40ውን የሚያውቅ ልጅ ቀሪዎቹን 20 በግምት ቢያጠቁር በአማካይ 5 ያገኛል፤ ይሁን እንጂ በዕለቱ 3 ወይም 7 ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ በመቁረጫው ዙሪያ በሁለት ነጥብ የተለያዩ ልጆችን ፈተናው በእርግጠኝነት አልለያቸውም። ትምህርት ቤቱ የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ ስላለበት ይቆርጣል፤ በአንድ ነጥብ የቀረ ልጅ ከገባው ያንሳል ብሎ መናገር ግን ፈተናው ያልሰጠውን ምስክርነት መስጠት ነው። ለስህተት ነጥብ የማይቀነስ ከሆነ ደግሞ ባዶ የሚተው ጥያቄ ሊኖር አይገባም፤ ይህን ያልተነገራቸው ልጆች ዛሬም አሉ።

ክብደትን በተመለከተም ወላጆች ይታለላሉ። ትምህርት ቤቱ «የክፍል ውጤት 50 በመቶ፣ የመግቢያ ፈተና 50 በመቶ» ሲል ሁለቱ እኩል የሚወስኑ ይመስላል። አመልካቾቹ ሁሉ የክፍል ውጤታቸው ከ92 እስከ 98 ከሆነ ግን በዚያ በኩል የሚኖረው ትልቁ ልዩነት 3 ነጥብ ብቻ ነው፤ የፈተናው ውጤት ከ35 እስከ 85 ከተሰራጨ በዚህ በኩል ያለው ልዩነት 25 ነጥብ ይደርሳል። ወረቀት ላይ እኩል ቢጻፍም የሚወስነው ፈተናው ነው። በክፍል አማካይ ላይ ግማሽ ነጥብ ለመጨመር መምህራንን ደጅ የሚጠኑ ወላጆች ይህን ስሌት ቢሠሩት ድካማቸውን ይቆጥቡ ነበር።

ሳልጠየቅ ሁለት ነገር ልጨምር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ የመግቢያ ፈተናዎችም በእንግሊዝኛ ይዘጋጃሉ፤ በዚህም ምክንያት የሒሳቡ ፈተና በከፊል የቋንቋ ፈተና ይሆናል። ከዘጌ ወይም ከሐይቁ ማዶ ካለ የገጠር ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ የጫማውን ጥያቄ በአማርኛ በቅጽበት ሠርቶት፣ በእንግሊዝኛ ሲቀርብለት ሊስተው ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ ከሒሳብ ማጠናከሪያ በፊት በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሒሳብ ጥያቄ ማንበብን ማለማመድ ይቀድማል። ሁለተኛው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ አገር በ11 ዓመት ግድም በሚሰጡ የመምረጫ ፈተናዎች ላይ የልጁ ዕድሜ በወራት ተሰልቶ ውጤቱ የሚስተካከልበት አሠራር የተለመደ ነው። በእኛ አገር በአንድ 8ኛ ክፍል ውስጥ የ13 እና የ16 ዓመት ልጆች አብረው ይቀመጣሉ፤ እንዲህ ያለ ማስተካከያ ይደረግ ቢባል እንኳ አስተማማኝ የልደት ማስረጃ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሬዲዮ ላይ የቀረቡት ተንታኝ ቅሬታ ማቅረባቸውን አልነቅፍም፤ ቅሬታው የተነጣጠረበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ፤ የቦታው ብዛት ስንት ነው? ለሴቶች ወይም ከገጠር ለሚመጡ የተለየ ድርሻ ተይዟል ወይ? ተይዞ ከሆነ ለየምድቡ የተለያየ መቁረጫ ስለሚኖር በሁለት ልጆች መካከል የሚታየው የነጥብ ልዩነት አድልዎ ላይሆን ይችላል። የተመረጡት ሳይመዘገቡ ሲቀሩ ተጠባባቂዎች በተራቸው ይጠራሉ ወይ? የሚጠሩ ከሆነ መጀመሪያ የተለጠፈው መቁረጫ የመጨረሻው አይደለም፤ ዓምና 78 ነበር የተባለውም ከሁለት ሳምንት በኋላ 74 ሆኖ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻው ቦታ ላይ ሦስት ልጆች እኩል ነጥብ ቢያመጡ የሚለያቸው የትኛው የትምህርት ዓይነት ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ማንሻው ጊዜ ደግሞ የምዝገባ ፎርም ሲሞላ ነው፤ ዝርዝሩ ከተለጠፈ በኋላ የሚሰጥ መልስ እውነት ቢሆን እንኳ የሚያምነው አይገኝም።