ሹመት በዕጣ፦ የጥንቷ አቴና አሠራር

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛውና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የአቴና ከተማ አብዛኞቹን የመንግሥት ኃላፊዎቿን የምትመድበው በዕጣ ነበር። የአቴናው ፖለቲከኛ ክሊስቴንስ በ508 ገደማ ዜጎችን በ10 ነገዶች ደልድሎ ካቋቋመው ሥርዓት የወጣው ምክር ቤት 500 አባላት ሲኖሩት፣ ከየነገዱ 50 ሰዎች፣ 30 ዓመት ከሞላቸው ወንዶች መካከል ለአንድ ዓመት ዕጣ ይወጣላቸው ነበር። አንድ ሰው በዕድሜው ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳያገለግል ስለተከለከለ፣ ወንበሩን ርስት ማድረግ አልተቻለም። የየነገዱ 50 አባላት በተራ የዓመቱን አንድ ዐሥረኛ ሥራ ይመራሉ፤ ከእነርሱም በየዕለቱ ዕጣ የደረሰው ሰብሳቢ ለአንድ ቀንና ሌሊት የከተማይቱን ማኅተምና የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ይይዛል። በ406 በአርጊኑሳይ የባሕር ውጊያ የመሩት አዛዦች በጅምላ እንዲፈረድባቸው የቀረበውን ሐሳብ ሕገ ወጥ ነው ብሎ የተቃወመው ፈላስፋው ሶቅራጥስም የምክር ቤቱ አባል የሆነው በዚሁ መንገድ ነው።

የፍርድ ቤቱ አሠራር ከሁሉ ይበልጥ የተራቀቀ ነበር። በየዓመቱ ከሚመዘገቡት 6,000 ዳኞች መካከል የዕለቱን ችሎት የሚቀመጡት ክሌሮቴሪዮን በተባለ፣ በረድፍ የተደረደሩ ስንጥቆች ባሉት የድንጋይ ሰሌዳ ይለዩ ነበር። ዳኞቹ ስማቸው የተጻፈበትን መለያ በስንጥቆቹ ይሰካሉ፤ በጎኑ ካለው ቱቦ ነጭ ኳስ ከወጣ አንዱ ረድፍ በሙሉ ለችሎት ይቀመጣል፣ ጥቁር ከወጣ ይሰናበታል። ፍርዱን ማን እንደሚሰጥ እስከዚያው ጠዋት ስለማይታወቅ፣ ጉቦ ለመስጠት ያሰበ ሰው ለማን እንደሚሰጥ ይቸግረዋል።

ይህ ሁሉ ግን ነገሩን ለአጋጣሚ መተው አልነበረም። ዕጣ የደረሰው ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለሹመቱ ብቁ ስለመሆኑ ይመረመራል፣ ሲጨርስም ሒሳቡን ያስረክባል፤ ልዩ ችሎታ የሚጠይቀው የጦር አዛዥነት ደግሞ በድምፅ ይሰጥ ስለነበር ስመ ጥሩው የአቴና መሪ ፔሪክልስ ደጋግሞ ተመርጦበታል። አርስቶትል ዕጣን የዴሞክራሲ፣ ምርጫን የጥቂቶች አገዛዝ ጠባይ አድርጎ ማየቱ ዛሬ እንግዳ ቢመስልም፣ ምርጫ ለባለጸጋና ለስመ ጥር ቤተሰብ እንደሚያደላ ለተመለከተ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሴቶች፣ ባሪያዎችና መጤ ነዋሪዎች ግን ከዕጣው ጨርሶ ውጭ ነበሩ።

አሠራሩ በዘመናችን በአየርላንድ በሌላ መልክ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው የዜጎች ጉባኤ 99 በዘፈቀደ የተመረጡ ዜጎችና አንዲት ሰብሳቢ የነበሩት ሲሆን፣ በውርጃ ላይ የተጣለው ሕገ መንግሥታዊ ገደብ እንዲለወጥ ያቀረበው ምክር በ2018 ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ በ66 በመቶ ድምፅ ጸድቋል። የጉባኤው ሥልጣን ምክር ከመስጠት አያልፍም ነበር፤ የአቴና ዳኞች በሰጡት ፍርድ ላይ ግን ይግባኝ አልነበረም።