ኢንቹ ሲጨምር ስክሪኑ ሰፋ? ስለ ትልልቅ ስልኮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አክስቴ በፋሲካ ማግስት ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ቤቴ መጡ። «ልጄ፣ ይህ ስልክ አልታይ ብሎኛል፤ ስክሪኑ ሰፋ ያለ ግዛልኝ» አሉና ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸውን ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የያዙት ስልክ 5.5 ኢንች ነው። ሱቅ ሄደው የመረጡት ደግሞ 6.5 ኢንች። አንድ ሙሉ ኢንች ይበልጣል ተብለዋል፤ እሳቸውም አምነዋል።

ብሩ የልጅ ላብ ነው። በወጉ ሳይታሰብበት እንዲወጣ ስላልፈለግሁ ከቤት ከመውጣታችን በፊት ማስመሪያ አወጣሁ። ያን ቀን ለአክስቴ ያስረዳኋቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ብዙ ሰው በተመሳሳይ ግምት ገንዘቡን ሲያወጣ አይቻለሁና።

«ኢንቹ ከጨመረ ስክሪኑ ሰፍቷል»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የስክሪን ኢንች የሚለካው በሰያፍ፣ ማለትም ከአንዱ ጥግ ትይዩው እስካለው ጥግ ድረስ ነው። ስለ ወርዱ ብቻውን የሚነግረን ነገር የለም።

እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አካባቢ የአብዛኞቹ ስልኮች ስክሪን ቁመትና ወርድ 16 ለ9 ነበር። ከዚያ ወዲህ 18 ለ9፣ ቀጥሎም 20 ለ9 የሆኑት ገበያውን ሞሉት። ስክሪኑ ወደ ላይ ተመዘዘ እንጂ ወደ ጎን አልሰፋም። ሒሳቡን እንሥራው። 16 ለ9 የሆነ 5.5 ኢንች ስክሪን ወርዱ 6.85 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 12.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 20 ለ9 የሆነው 6.5 ኢንች ደግሞ ወርዱ 6.8፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ኢንች ተጨምሮ ወርዱ በጥቂቱም ቢሆን ቀንሷል!

በ2017 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት የወጡት ሁለት አይፎኖች ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርጉታል። አይፎን 8 ፕላስ 5.5 ኢንች፣ አይፎን አስር 5.8 ኢንች ነበሩ። በቁጥሩ ከሄድን የሚበልጠው አይፎን አስር ነው። የስክሪኑ ወርድ ግን 6.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የ8 ፕላሱ 6.8 ነው። ወርድና ቁመቱ ተባዝቶ የሚገኘው ጠቅላላ የስክሪን ስፋታቸውም እኩል ለማለት ይቻላል።

ፊልም ለማየት ብሎ ለሚገዛም ውጤቱ ያው ነው። በ16 ለ9 የተቀረጸ ቪዲዮ ስልኩን አጋድመን ስናየው ከፍታውን የሚወስነው የስክሪኑ ወርድ ነው። ስለዚህ በአዲሱ 6.5 ኢንች ላይ ምስሉ በአሮጌው 5.5 ላይ ከነበረው አይበልጥም፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በቁመት የሚታይ ቪዲዮና የቪዲዮ ጥሪ ግን በእርግጥ ይጠቀማሉ።

ሱቅ ውስጥ ማስመሪያ መምዘዝ የሚያሳፍረው ሰው የኤቲኤም ካርዱን ያውጣ። ካርድ ሁሉ ርዝመቱ 8.56፣ ወርዱ 5.4 ሴንቲ ሜትር ነው። የካርዱን አጭር ጎን በአሮጌው ስልክ ስክሪን ወርድ ላይ አጋድመው የሚተርፈውን ይመልከቱ፤ በአዲሱም ላይ ይድገሙት። የሚተርፈው እኩል ከሆነ ሰፋ ያለ ስክሪን እየገዙ አይደለም። በእርግጥ የሚሰፉ አሉ። 6.9 ኢንች የሆነው አይፎን 16 ፕሮ ማክስ ወርዱ 7.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለዚያች ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚከፈለውን ዋጋ ግን ገዢው ያውቀዋል።

«ትልቅ ስክሪን ፊደሉን ያተልቀዋል»

የአክስቴ ችግር ይህ ነበር። የፊደሉን መጠን የሚወስነው የስልኩ ቅንብር ነው። ረጅም ስክሪን እንደመጣ ሲቀመጥ ብዙ መስመር ያሳያል እንጂ ፊደሉን አያተልቅም።

የእኛ ፊደል ደግሞ በማነስ የሚጎዳ ፊደል ነው። «ቡ» እና «ቢ»ን የሚለያያቸው አንዲት ጭረት መሐል ላይ ወይም እግር ላይ መቀመጧ ነው። «ሉ» እና «ሊ»ም እንዲሁ። ፊደሉ ሲደቅ መጀመሪያ የምትጠፋው ይህች ጭረት ናት። አክስቴም የልጃቸውን መልእክት ፊደሉ «ሊ» ይሁን «ሉ» ሳይለዩ፣ ስልኩን እያራቁና እያቀረቡ ነበር የሚያነቡት።

ቅንብሮች ውስጥ ገብቼ «ማሳያ» የሚለውን ከፈትሁ። እዚያ ሁለት የተለያዩ ማስተካከያዎች አሉ። አንዱ የፊደሉን መጠን ብቻ ይለውጣል፤ ሌላው አዝራሩንም ምስሉንም አብሮ ያሳድጋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ነክቶ ይተወዋል፤ ሁለቱንም መሞከር ይገባል። ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ ደግሞ ፊደሉን እስከ 200 በመቶ ማሳደግ ይቻላል። ሁለቱንም ከፍ አድርጌ ስልኩን መለስሁላቸው። አክስቴ መልእክቱን ጮክ ብለው አነበቡት፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው የሳምንቱን ሁሉ አነበቡ። የማይረባ ነገር እንዳይመስላችሁ። ለወራት በግምት ሲያነቡት የከረሙትን የልጃቸውን ቃል ነው ያገኙት።

ረጅሙ ስክሪን የሚጠቅመውም እዚህ ላይ መሆኑን አልክድም። ፊደሉ ሲያድግ በአንድ ጊዜ የሚታየው መስመር ይቀንሳል፤ ኪቦርዱም ግማሹን ይወስዳል። ቁመት ያለው ስክሪን ይህን ይክሳል። ከአርባ ዓመት ዕድሜ ወዲህ የዓይን ሌንስ እየጠጠረ ስለሚሄድ በቅርብ ማንበብ ያስቸግራል። ይህን የሚያስተካክለው የማንበቢያ መነጽር ነው፤ ዋጋውም ከስልክ ጋር አይወዳደርም።

«ለተማሪ መጽሐፍ ለማንበብ ትልቅ ስልክ ይበቃዋል»

በቴሌግራም የሚዞሩት የመማሪያ መጻሕፍትና ሞጁሎች አብዛኞቹ ፒዲኤፍ ናቸው። ፒዲኤፍ ገጹን እንዳለ ነው የሚያሳየው፤ የፊደል ማሳደጊያው ቅንብር አይሠራበትም። ኤ4 ወረቀት ወርዱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው። 6.8 ሴንቲ ሜትር ስክሪን ላይ ሲገባ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ በ12 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያ ነው) የተጻፈው 4 ነጥብ ሆኖ ይታያል። ስልኩን ቢያጋድሙት ፊደሉ ይነበባል፤ ግን ከገጹ የሚታየው ትንሽ ቁራጭ ስለሚሆን ተማሪው ሲያንሸራትት ይውላል። ከ6.1 ወደ 6.7 ኢንች መሸጋገር ይህን አይፈታውም። ልጁን ለማስጠናት የሚገዛ ወላጅ 10 ኢንች ገደማ የሆነ ታብሌት ቢያስብበት ይሻላል፤ ወርዱ የስልኩን እጥፍ ያህል ነው።

«ትልቅ ስለሆነ ምስሉ ይጠራል»

የምስል ጥራት የሚለካው በአንድ ኢንች ውስጥ በተደረደሩት ፒክስሎች፣ ማለትም ምስሉን በሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች ብዛት ነው። በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት 6.5 ኢንች ስልኮች ብዙዎቹ 720 በ1600 ፒክስል ናቸው፤ በኢንች 270 ገደማ ማለት ነው። የአክስቴ አሮጌ ስልክ 1080 በ1920 ሲሆን በኢንች 400 ይደርሳል። አዲሱን ቢገዙ ኖሮ የደበዘዘ ፊደል በገንዘባቸው በገዙ ነበር። በካርቶኑ ላይ 1080 በ2400 የሚል ወይም ከዚያ የሚበልጥ መኖሩን ማየት ነው።

«ትልቅ ስክሪን ባትሪ ይበላል»

ስክሪኑ ሲያድግ የሚፈጀው ኃይል መጨመሩ እውነት ነው። ነገር ግን ትልቁ ስልክ ለባትሪ የሚሆን ቦታም ይኖረዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጡትን አይፎን 6 እና 6 ፕላስ ብንወስድ፣ አምራቹ ለመጀመሪያው 11 ሰዓት፣ ለትልቁ 14 ሰዓት ቪዲዮ ያሳያል ብሎ ነበር የሸጣቸው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ትልቅ ስልክ ለመምረጥ ይህ ከደህና ምክንያቶች አንዱ ነው። ባትሪን በፍጥነት የሚጨርሱት የስክሪኑ ብርሃን እስከ ጫፍ መለቀቁ፣ ስክሪኑ በሰከንድ 120 ጊዜ እንዲታደስ መደረጉ፣ ደካማ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ስልኩ ሲግናል ለማግኘት መታገሉ ናቸው።

«ፓኬጅ ይጨርሳል»

ኢንች ዳታ አይበላም። ዳታ የሚበላው የቪዲዮው ጥራት ነው። ይሁን እንጂ ዩቲዩብ ጥራቱን በራሱ እንዲመርጥ ሲተው የኢንተርኔቱን ፍጥነትና የማጫወቻውን መጠን አይቶ ስለሚወስን፣ አዲሱ ስልክ በዝምታ ከፍ ያለውን ጥራት ሊስብ ይችላል። አዲስ ስልክ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን የዩቲዩብን ዳታ ቆጣቢ ምርጫ ያብራ፤ ቴሌግራምም በሞባይል ዳታ ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ይዝጋው።

«በአንድ እጅ የሚያሠራ ቅንብር ስላለው አያስቸግርም»

ቅንብሩ አለ፤ የስክሪኑን የላይኛውን ክፍል ወደ ታች ያወርደዋል። ክብደቱን ግን አይቀንሰውም። ታክሲ ውስጥ በአንድ እጁ ብረት ጨብጦ በሌላው ስልክ የሚነካካ ሰው፣ ሱቁ ውስጥ ቆሞ አውራ ጣቱን ትይዩው ወዳለው የላይኛው ጥግ ዘርግቶ ይሞክረው። ካልደረሰ ስልኩ አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም።

«ስልኬ ስለቀረፈፈ ትልቅ ያስፈልገኛል»

አክስቴም ይህን ጨምረውልኝ ነበር፤ «ደግሞም ያንቀላፋል፣ ግማሽ ቀን አይቆይም» ብለው። ከፈትነው። ማከማቻው ከየቡድኑ በራሱ በወረደ ቪዲዮ ጢም ብሏል። አብዛኛውን አጠፋን፤ የልጅ ልጃቸውን ፎቶዎች ግን አንድም አልነካንም። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ እየተሞላ እየተራገፈ በሄደ ቁጥር አቅሙ ይደክማል። አፕል ራሱ እስከ አይፎን 14 ላሉት ስልኮቹ የሚለው፣ ከ500 ሙሉ ዙር በኋላ ከመጀመሪያው አቅም 80 በመቶው ይቀራል ነው። የአክስቴ ስልክ ከዚህ ያለፈ ዕድሜ አለው። ሰፈራችን ያለው የስልክ ጠጋኝ በአንድ ከሰዓት ባትሪውን ቀየረልን።

የተረፈውን ብር በመሐረባቸው ቋጥረው ተነሡ። በር ላይ ሲደርሱ ስልኩ ጠራ፤ ከጅዳ ነው። መነጽራቸውን ሳይፈልጉ ስሟን አነበቡና «አቤት ልጄ» አሉ።