ዳይሃትሱ ኮፐን፦ ጣሪያዋን የምታጥፈው ትንሿ መኪና

ኮፐን የጃፓኑ ዳይሃትሱ ኩባንያ በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.) ገበያ ላይ ያዋላት ባለሁለት ወንበር መኪና ናት። የመጀመሪያው ትውልድ ክብደት 830 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በዚህ ቅለቷ ላይ ግን ሸራ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚታጠፍ የአሉሚኒየም ጣሪያ አላት።

መኪናዋን የቀረጻት ከሁሉ በፊት የጃፓን ሕግ ነው። «ኬይ» የሚባሉት ትንንሽ መኪኖች በአገሩ ዝቅ ያለ ግብር ይከፍላሉ፤ በዚያ መደብ ለመመዝገብ ግን ርዝመት ከ3.4 ሜትር፣ ስፋት ከ1.48 ሜትር፣ ሞተርም ከ660 ሲሲ ማለፍ የለበትም። ጉልበቱን አምራቾቹ እርስ በርስ ተስማምተው በ64 የፈረስ ጉልበት ገድበውታል። ኮፐን ርዝመቷ 3,395 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቷ 1,475፣ ሞተሯ 659 ሲሲ፣ ጉልበቷ 64 ነው። ከተፈቀደው ላይ የተረፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በ1999 የቶኪዮ አውደ ርዕይ ላይ በናሙናነት ስትቀርብ የወጣላት ስም ራሱ «ኬይ»ንና ክፍት የሚል ትርጉም ያለውን «ኦፕን» ያጣመረ ነበር።

የሚታጠፍ ጠንካራ ጣሪያ አዲስ ነገር አይደለም፤ ፔዦ በ1930ዎቹ፣ ፎርድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሠርተውታል። እነዚያ ግን ትልልቅ መኪኖች ነበሩ። ኮፐን ላይ ሾፌሩ ሁለቱን መቆለፊያዎች በእጁ ይፈታል፤ ቁልፉን ሲጫን ጣሪያው በ20 ሰከንድ ገደማ ታጥፎ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ለእኔ የመኪናዋ ውበት ያለው ሞተሯ ላይ ነው። ጄቢ-ዲኢቲ የተባለው የመጀመሪያው ሞተር ባለቱርቦ (አየር በግፊት የሚሞላ መሣሪያ ያለው) ሲሆን አራት ሲሊንደር፣ ማለትም ነዳጅ ተቃጥሎ ፒስተን የሚገፋባቸው አራት ክፍሎች፣ እና 16 ቫልቮች አሉት። 659 ሲሲ ለአራት ሲካፈል ለአንዱ ሲሊንደር የሚደርሰው 165 ሲሲ ገደማ ነው፤ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ብዙም አይበልጥም። አብዛኞቹ የኬይ ሞተሮች ሦስት ሲሊንደር ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፦ የሚሠራው ዕቃ ያንሳል፣ ሰበቃውም ይቀንሳል። አራት ሲሊንደር ግን ሌላ ጸጋ አለው። ሁለቱ ፒስተኖች ሲወጡ ሁለቱ ይወርዳሉ፤ በየግማሽ ዙሩም አንድ ፍንዳታ አለ። ስለዚህ ሞተሩ ሳይንገጫገጭ ወደ ከፍተኛ ዙር ይወጣል፣ ድምፁም የትልቅ መኪና ይመስላል። የመጠምዘዝ ኃይሉ 110 ኒውተን ሜትር ነው። ኃይሉ ወደ ፊት ጎማዎች የሚሄደው ባለ5 ማርሽ በሆነ ማንዋል ወይም ባለ4 በሆነ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው።

የኬይ ግብር በሌለበት አውሮፓ የ660 ሲሲ ወሰን ትርጉም የለውም። ስለዚህ ከ2006 ጀምሮ ለዚያ ገበያ ኬ3-ቪኢ የተባለ፣ ቱርቦ የሌለው 1,298 ሲሲ ሞተር ገባላት፤ ጉልበቱም ወደ 87 ከፍ አለ። ይህ ሞተር በጃፓን ቢገባ ኖሮ መኪናዋ ከኬይ መደብ ትወጣ ነበር።

የመጀመሪያው ትውልድ ምርት በ2012 ቆመ። ሁለተኛዋ ኮፐን በ2014 ስትመጣ አራቱ ሲሊንደሮች ሦስት ሆነዋል። ኬኤፍ የተባለው አዲሱ ሞተር 658 ሲሲ ነው፤ ቱርቦውና 64 ጉልበቱ እንዳሉ ናቸው፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ ግን ወደ 92 ኒውተን ሜትር ወርዷል። ኩባንያው በሌሎቹ የኬይ መኪኖቹ ላይ የሚጠቀምበት ሞተር ስለሆነ ምርጫው ከወጪና ከነዳጅ አንጻር ትክክል ነው፤ የቀድሞውን ልስላሴ ግን አይተካም። ዳይሃትሱ በሦስት ሲሊንደር ሥራ የተካነ መሆኑ አያጠራጥርም። አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የምናያት የቶዮታ ቪትዝ ከ2005 ጀምሮ የያዘችውን 996 ሲሲ ሞተር የነደፈው ይኸው ኩባንያ ነው።

አዲሷ ኮፐን የተሻለችበት ነገር አካሏ ነው። ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው ጠንካራው የውስጥ አጽም በመሆኑ ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎውና የኋላ መክደኛው ከፕላስቲክ ተሠርተው በብሎን የሚታሰሩ ናቸው። ባለቤቱ ሲፈልግ አስፈትቶ በሌላ ቀለም ወይም በሌላ ቅርጽ ሊያስቀይራቸው ይችላል።